የወደቀችው አውሮፕላን ዕቃ የት የት ገባ? የአንድ ድሬዳዋ ክለብ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነው። በሪሞት የምትበር የፎም አውሮፕላን ናት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.4 ሜትር፣ ክብደቷ ከነባትሪዋ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ያለ አንድ የወጣቶች የሳይንስ ክለብ ልጆችን ያስተምርባት ነበር። የፈቃዱን ጉዳይ ክለቡ ቀድሞ ጨርሷል። የሚያበሩትም ከከተማ ወጣ ብለው፣ ከኤርፖርቱ ርቀው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ለማረፍ ስትዞር አንድ ክንፏ ከዳትና በአፍንጫዋ መሬት ገባች።

እኔ ክለቡን በኤሌክትሮኒክስ በኩል አግዛለሁ። ስብርባሪው በካርቶን ተሞልቶ ሲመጣ እዚያው ነበርኩ። የልጆቹን ፊት ማየት ከባድ ነበር። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሱቅ ገብተው አይገዙትም። ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የስልክና የሶላር ዕቃ እንደልብ ነው፤ የክለቡ ሞተር፣ እንዲሁም ሰርቮ የሚባሉት የክንፍና የጭራ መሪ የሚያንቀሳቅሱ ትናንሽ ሞተሮች ግን የመጡት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ "ይጣል" ያለ ሰው አልነበረም። ጥያቄው ምኑ የት ይግባ የሚለው ነበር።

ስለተሰበረ የአውሮፕላን ዕቃ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ጌጥ ነው። ፕሮፔለሩ የግድግዳ ሰዓት ይሆናል፣ ሞተሩ የቁልፍ መያዣ ይሆናል። ያምራል። ነገር ግን ገና የሚሠራ ሞተር ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር አንጀቴን ይበላዋል። አንድ የተሰበረ ዕቃ ውስጡ ብዙ ዕቃ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ሊተርፍ ይችላል። መጀመሪያ የተረፈውን መለየት፣ ቀጥሎ ቁጥሩ የሚፈቅድለትን ሥራ መፈለግ ያስፈልጋል። በዚች አውሮፕላን ላይ ያንን እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ።

ለምን ወደቀች

ባጭሩ ልለፈው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ይሳሳል። ለክንፍና ለፕሮፔለር 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ያህል ነው። መሬት ላይ ቆሞ ለሚያይ አብራሪ ፍጥነቷ በቂ ይመስላል፤ ክንፏ የሚፈልገው ግን ከዚያ በላይ ነው። ቀስ ብላ፣ ጠበብ አድርጋ ስትዞር አንዱ ክንፍ ማንሳቱን ያቆማል። ክለቡ አሁን የሚያበረው በማለዳ ነው።

መሬት ስትመታ ትሮትሉ፣ ማለትም የሞተሩ ኃይል መስጫ፣ አልተዘጋም ነበር። ፕሮፔለሩ አፈር ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተሩ መዞር ሲያቅተው፣ ጫናው ሁሉ በፍጥነት መቆጣጠሪያው ላይ ወረደ። ኢኤስሲ የሚባለው እሱ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ባትሪው ይቅደም

ልጆቹ ሁሉ ሞተሩን ለማየት ሲሻሙ እኛ መጀመሪያ ያነሳነው ባትሪውን ነው። ባለ 3 ሴል ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር ነው፤ 11.1 ቮልት፣ 2,200 ሚሊአምፒር ሰዓት። አንድ ጥጉ ተጨፍልቋል። ሆዱም ትንሽ ነፋ ብሏል። በቴስተር ስንለካው ሁለቱ ሴሎች 3.9 ቮልት አካባቢ ናቸው። ሦስተኛው 3.1 ላይ ወርዷል።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ። "ሁለቱ ደህና ናቸው አይደል? እነሱን ፈተን ፓወር ባንክ እንሥራባቸው" አለ አንዱ ልጅ። ሐሳቡ ከቁጠባ የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። መልሱ ግን አይሆንም ነው። ሊፖ ሲጨፈለቅ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ስስ መለያ ሊቀደድ ይችላል። ንብርብሮቹ ሲነካኩ ይግላል፣ ከዚያ ይነድዳል። የግድ ወዲያው አይደለም፤ ሰዓታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ሰው ትራሱ ስር አድርጎት የሚተኛን ፓወር ባንክ በዚህ ሴል መሥራት አይቻልም።

ባትሪውን ግቢ ውስጥ፣ ከሚነድ ነገር ሁሉ አርቀን አሸዋ ላይ አስቀመጥነው። ጥላ መርጠንለታል። ከዚያ 5 ዋት የመኪና አምፖል ገጠምንለት። ይህ አምፖል የሚስበው 0.4 አምፒር ገደማ ስለሆነ ባትሪው ሳይግል ቀስ ብሎ ይራገፋል። መብራቱ ጠፍቶም አልነቀልነውም። ቮልቴጁ ዜሮ እስኪል እዚያው አደረ። ቀጥሎ ሽቦዎቹን ቆረጥን። አንድ በአንድ ነው የሚቆረጡት። ቀይና ጥቁሩን ባንድ ፒንሳ ባንዴ መቁረጥ ሁለቱን ማገናኘት ነው። እያንዳንዱ ጫፍ በናስትሮ ተጠቀለለ። ባትሪው አሁን አሸዋ በሞላው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተቀብሯል። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቀላቀልም፣ አይቃጠልም፣ ልጅ እጅ አይገባም።

የተረፈው ቢጫው ሶኬትና ሽቦው ነው። ሽቦው በሲሊኮን የተሸፈነ ወፍራም ሽቦ ነው። እንደ ልብ ይተጣጠፋል፣ የካውያ ሙቀትም አያቀልጠውም። እሱን እንደ ወርቅ ነው የያዝነው።

ያልተመታና ያልተነፋ፣ ግን አቅሙ ደክሞ አውሮፕላን ማንሳት ያቃተው ባትሪ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ለአነስተኛ መብራት ገና ያገለግላል። አንዱም ሴል ከ3.3 ቮልት በታች አይውረድ። በሊፖ ቻርጀር ብቻ ይሞላ። በድሬ ፀሐይ የቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አይተው።

ሞተሩና ብስክሌቱ

ሞተሩ 2212 የሚባለው ዓይነት ነው። ብሩሽ የለውም፣ ሦስት ሽቦ ይወጣዋል፣ ውጪው ዛጎል ራሱ ይሽከረከራል። ጠመዝማዛው አልተቃጠለም። ሦስቱን ሽቦ ሁለት ሁለት እያደረግን ለካን፤ እኩል ናቸው። የተጎዳው ዘንጉ ነው፤ ተጣሟል።

"ማግኔቶቹን ፈልቅቀን ለልብስ ሰፊዎች እንስጥ፣ መርፌ ይለቅሙበታል" የሚል ሐሳብ መጣ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጠመዝማዛው ለተቃጠለ ሞተር። ለዚህኛው ግን ገና ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ ማግኔቶች ትናንሽ ሆነው እጅግ ጠንካራ ናቸው። ሕፃን ልጅ ሁለት ቢውጥ አንጀቱን መሀል አስገብተው ይጣበቃሉ፤ ይህ ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ባያድሩ ይሻላል።

ሁለተኛው ሐሳብ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው፤ ጄነሬተር። እውነት ነው፣ ይህን ሞተር በእጅ ብታዞሩት ኮረንቲ ያመነጫል። ግን ቁጥሩን እንየው። ሞተሩ 1,000 ኬቪ ነው። በአንድ ቮልት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ተገላቢጦሹ ደግሞ አንድ ቮልት ለማግኘት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ማዞር ነው። በእጅ 200 ዙር ቢዞር 0.2 ቮልት ነው። ኮረንቲውን አንድ አቅጣጫ ለማስያዝ ዳዮዶች ሲገቡ እነሱ ብቻቸውን 1.4 ቮልት ገደማ ይበላሉ። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ከ6,000 ዙር በላይ ያስፈልጋል። በዝግታ የሚዞር የነፋስ ተርባይን ላይ በቀጥታ ቢታሰር ምንም አይሰጥም። በቪዲዮ የሚታየው "ከድሮን ሞተር የነፋስ ኃይል" ቤት ሲሞከር የሚከሽፈው በዚህ ነው።

ብዙ ዙር ያለበት ቦታ የት አለ? መልሱ የመጣው በብስክሌት ከሚመጣው ልጅ ነው። ድሬ ሜዳማ ናት፣ ለብስክሌት ትመቻለች። የብስክሌቱ ጎማ ትልቅ ነው፣ የሞተሩ ዛጎል ትንሽ። ዛጎሉ ላይ ቁራጭ ከመነዳሪ ስናለብሰው ስፋቱ 30 ሚሊሜትር ሆነ፤ ዙሪያው 9.4 ሴንቲሜትር ነው። ብስክሌቱ በሰዓት 15 ኪሎሜትር ሲሄድ ጎማው በደቂቃ 250 ሜትር ይጓዛል። ዛጎሉ ጎማው ላይ ተደግፎ ቢንከባለል በደቂቃ 2,600 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ 2.6 ቮልት ነው። ስልክ አይሞላም። ቀይ ኤልኢዲ ግን 1.8 ቮልት ገደማ ስለሚበቃው ይበራል።

የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ኤልኢዲ ራሱ ዳዮድ ነው። ስለዚህ 1.4 ቮልት የሚበሉት ዳዮዶች ጭራሽ አያስፈልጉም። ከሦስቱ ሽቦዎች በሁለት ሁለቱ መካከል ሁለት ኤልኢዲ በተቃራኒ አቅጣጫ አሰርን፤ ኮረንቲው ወዲህ ሲሄድ አንዱ ይበራል፣ ወዲያ ሲሄድ ሌላው። በጠቅላላው 6 ኤልኢዲ ነው። ለእያንዳንዱ ጥንድ ኮረንቲውን የሚገታ 100 ኦም ሬዚስተር ገባለት፤ ያለ እሱ ብስክሌቱ ሲፈጥን ይቃጠላሉ። ብልጭታው በሰከንድ በመቶ የሚቆጠር ስለሆነ ለዓይን አንድ ቋሚ መብራት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዘንጉ መቀየር ነበረበት። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በባቡሩ ወርክሾፕ እጃቸውን ያፍታቱ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ። ከዚራ አካባቢ ቶርኖ ቤት ያላቸውን አንድ አዛውንት ሄደን አማከርናቸው።

"ዘንጉ ተጣመመ እንጂ ሞተሩ ምን ሆነና!" አሉ ገና እንዳዩት።

"ጋሼ፣ ዘንግ ከየት እናገኛለን?"

በካሊፐር ለኩት። 3.17 ሚሊሜትር። መሳቢያቸውን ከፍተው የደነዘ የትራፓኖ ፑንታ አወጡ። የአንድ ስምንተኛ ኢንች ፑንታ ነው፤ ልኩ ያው 3.17 ነው። ስለቱን በግራይንደር ቆርጠው ለስላሳውን ጭራ አስቀሩ። ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አለዘቡት። የድሮውን በቀስታ መትተው አወጡና አዲሱን በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሀል ከተቱት። ሞተሩ በጣት ሲገፋ ሳይንገጫገጭ ዞረ። ገንዘብ አልተቀበሉም። አውሮፕላን ላይ ይህን ዘንግ አላምነውም፤ በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ ሚዛኑ ትንሽ ቢዛባ ሁሉን ያራግፋል። ለብስክሌት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሞተሩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ስር በላሜራ ቅንፍ ታሰረ። ቅንፉን ሞላ ወደ ጎማው ይገፋዋል። ልጆቹ ማታ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሞከሩት። "ዋሪያ፣ በራ እኮ!" የሚለው ጩኸት መንገደኛውን ሁሉ አስቆመ። ጉድለት አለው። ብስክሌቱ ሲቆም መብራቱም ይጠፋል። ስለዚህ ከጎኑ አንጸባራቂ እንዲለጠፍ አድርገናል። የሞተሩ ሆድ ክፍት ስለሆነም የድሬ አሸዋ እንዳይገባበት በየጊዜው በብሩሽ መጥረግ ግድ ነው።

ሰርቮዎቹ፣ ኢኤስሲው እና እንቁላሎቹ

አውሮፕላኗ 4 ሰርቮ ነበራት። ኤስጂ90 የሚባሉት፣ እያንዳንዱ 9 ግራም የሚመዝን። አንዱ ደህና ነው። የሁለቱ ጥርስ ተሸርፏል፤ ሞተራቸው ይጮኻል፣ ክንዳቸው አይንቀሳቀስም። የአራተኛው ጥርስ ሙሉ ነው፣ ግን ሽቦው ተነቅሎ ሰርኪዩቱን ይዞት ሄዷል።

ሰርቮ ሲከፈት ደስ ይላል። ከሥር 4 ረጃጅም ብሎኖች አሉት። ክዳኑ ሲነሳ ነጫጭ የፕላስቲክ ጥርሶች በቅባት ተነክረው ተደራርበው ይታያሉ። ጥርሶቹን ከማውጣት በፊት ፎቶ ማንሳት ይበጃል፤ ቅደም ተከተላቸው ከጠፋ ሆድ ያስብሳል። ከተሸረፉት በአንዱ ላይ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው የጎደለው። የተሸረፈው ፍርፋሪ ቅባቱ ውስጥ ስለሚቀር በጥርስ እንጨት ተለቅሞ መውጣት አለበት። የአራተኛውን ጥርሶች ወደዚህኛው አዛወርን። ከአራት ዕቃ ሁለት ሙሉ ሰርቮ ወጣ። ጥርስ የሌለው ሦስተኛው ለመለዋወጫ ተቀመጠ።

አንዱ ሰርቮ ለቀጣይዋ አውሮፕላን ቀረ። ሌላው ሳቢያን የሚባለው ሰፈር ገባ።

ሳቢያን አንዲት እናት በሳጥን፣ በአምፖልና በቴርሞስታት የተሠራ የእንቁላል መፈልፈያ አላቸው። የአንዱ ልጅ ጎረቤት ናቸው። እንቁላል ሲታቀፍ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መገላበጥ አለበት፤ አለዚያ ፅንሱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። እትዬ በእጃቸው ነበር የሚያገላብጡት። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር 37.5 ዲግሪው ይወርዳል፣ እርጥበቱም ይወጣል። ሌሊት ደግሞ መነሳት አለ።

ለ12 እንቁላል ከኮምፔንሳቶ ትሪ ተሠራ። 12 እንቁላል 700 ግራም ቢሞላ ነው። የሰርቮው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ከክንዱ መሀል በአንድ ሴንቲሜትር ርቀት 1.8 ኪሎ ብቻ ይችላል። ስለዚህ ሰርቮውን ማገዝ የትሪው ሥራ ነው። ትሪው የሚዞርበት ዘንግ በእንቁላሎቹ ወገብ ልክ መሆን አለበት። ከሥር ከሆነ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ወድቆ ሰርቮውን ይጎትተዋል። በወገብ ልክ ሲሆን ግራና ቀኙ ይመዛዘናል፤ ሰርቮው የሚያሸንፈው ሰበቃውን ብቻ ነው። ማገናኛው የአውሮፕላኗ የራሷ የጭራ ሽቦ ነው። የሰርቮው ክንድ 1.5 ሴንቲሜትር፣ የትሪው ክንድ 2 ሴንቲሜትር። ሰርቮው ወደ 70 ዲግሪ ሲዞር ትሪው 45 ያዘነብላል፤ እንቁላል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ክለቡ ውስጥ የነበረ አርዱዊኖ የሚባል ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ በየጥቂት ሰዓቱ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ትሪው ቦታውን ሲይዝ የሰርቮው ኮረንቲ ይቋረጣል። አለዚያ ቀን ከሌት እየጮኸ ይግላል።

ኮረንቲውስ? እዚህ ላይ ነው የተቃጠለው ኢኤስሲ የተመለሰው። ከሦስቱ መስመሮች የአንዱ ትራንዚስተሮች ጠቁረዋል፣ ሽታቸውም ያስታውቃል። ሞተር ዳግም አያዞርም። ነገር ግን ውስጡ ቤክ የሚባል ክፍል አለ፤ የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 5 ቮልት ዝቅ አድርጎ ለሰርቮዎቹ የሚሰጥ። እሱ ደህና ነው። የተቃጠሉት ትራንዚስተሮች በካውያ ተነስተው ወጡ። ይህ ሳይደረግ ኮረንቲ ማገናኘት አደገኛ ነው፤ የተቃጠለ ትራንዚስተር ቀይና ጥቁሩን ሊያገናኝ ይችላል። በቴስተር አረጋግጠን፣ 1 አምፒር ፊውዝ አስገብተን ከ12 ቮልት አዳፕተር ጋር አያያዝነው።

"በዚህ ስልኬንም ልሙላ?" ብለው ጠየቁ እትዬ። ይህ ቤክ ትርፉን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ለሰርቮው 0.2 አምፒር ሲሰጥ 1.4 ዋት ይግላል፤ ይቻላል። ለስልክ 1 አምፒር ቢሰጥ 7 ዋት ነው፤ ያን ትንሽ ሰሌዳ ያነድደዋል። "ለስልኩ አይሆንም እትዬ" አልናቸው፤ ገባቸው።

በ18ኛው ቀን ማገላበጡ ይቆማል፤ በ21ኛው ጫጩት ይጠበቃል። ጫጩቶች ወጥተዋል። ስንቱ እንቁላል ፈለፈለ የሚለው በዶሮዎቹም፣ በእርጥበቱም፣ በእንቁላሉ ትኩስነትም የሚወሰን ስለሆነ ምስጋናውን ሁሉ ለሰርቮው አልሰጥም። ክዳኑ ሳይከፈት መዋሉና እትዬ ሌሊት መተኛታቸው ግን የሱ ሥራ ነው።

ፎሙ፣ ካርቦኑ፣ ፕሮፔለሩ

አፍንጫዋ ተፈርክሷል፤ አልዳነም። ክንፉ ላይ ያለው ሰርጓዳ ግን በፈላ ውኃ ተመለሰ። ይህ ፎም ትናንሽ እንክብሎች የተጣበቁበት ነው። ተጨፍልቆ ካልተቀደደ በስተቀር ሙቅ ውኃ ሲፈስበት እንክብሎቹ ያብጡና ቅርጹ ይመለሳል። ደህናው ግማሽ ክንፍ ለቀጣይዋ አውሮፕላን ተቀመጠ።

ከተሰበረው ወገን ትናንሾቹ ልጆች በእጅ የሚወረወሩ ግላይደሮች ተሠሩላቸው። ግንዱ የተሰበረው የካርቦን ቱቦ ቁራጭ ነው። ካርቦን ሲቆረጥ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ውኃ እየፈሰሰበት፣ ማስክ ተደርጎ፣ ከሕፃናት ተርቆ ነው የቆረጥነው። የቱቦው አፍ እሾህ ስለሚያወጣ በሱፐር ግሉ ተደፈነ። ሚዛኑን የሚያስጠብቁት ትርፍ ብሎኖችና የጣልነው ጠማማ ዘንግ ናቸው። ግላይደሩ ከክንፉ ፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የክንፉን ስፋት ሩብ ያህል ላይ በሁለት ጣት ሲያዝ ሳያዘነብል መቆም አለበት። ልጆቹ ይህን በጣታቸው ተማሩት።

የሚወረውሩት ደቻቱ የሚባለው፣ ዝናብ ከሌለ ደረቅ የሆነው ወንዝ ላይ ነው፤ አሸዋው ለስላሳ ነው። ነገር ግን ተራራው ላይ ደመና ከታየ ወደ ደቻቱ መውረድ ክልክል ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ስንቱን ቤተሰብ እንዳጠፋ ድሬ አትረሳም። እኛም ለልጆቹ ሳንነግር አናሰናብታቸውም።

ፕሮፔለሩ ተሰብሯል። ተጣብቆ የሚበር ፕሮፔለር የለም፤ ይህ አያከራክርም። በደቂቃ በሺዎች እየዞረ ቢለያይ ዓይን ያጠፋል። ስንጥቅ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ቀጣዩ ጥያቄ

እትዬ አሁን የ60 እንቁላል ትሪ ይፈልጋሉ። ይህ ከ3 ኪሎ በላይ ነው። የቱንም ያህል ብናመዛዝነው ያንን የፕላስቲክ ጥርስ ለዚህ አላጭም፤ የአውሮፕላን ዕቃ እዚህ ላይ ይበቃዋል። ያሰብነው የባጃጅ ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው። በ12 ቮልት ይሠራል፣ ዙሩ ዝግተኛ ነው፣ ጉልበቱም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከፈራረሰ ባጃጅ የወጣ አንድ ለማግኘት ልጆቹ ጋራዦቹን እየዞሩ ነው።